ያላገባው አባወራ

መገናኛ የቡልቡላ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ስልኩን ይነካካል፣ ወይ የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየ ኑሮውን ያሰላስላል። አቶ ጎበና በዚያ የሚያዝያ ማክሰኞ ሁለቱንም አላደረጉም። ቢጫ ክላሰራቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ወደመጡበት ወደ ገርጂ በኩል እየዞሩ ያያሉ። እዚያ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ባንክ ውስጥ አንዲት ጨዋ የብድር ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው ነበር። ጥያቄው አጭር ነው። የስልሳ ስድስት ዓመቱ አዛውንት፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሠላሳ ዓመት መጋዘን ሲጠብቁ አንድ ቀን አንቀላፍተው የማያውቁት ሰው ግን መልሱን አጥተው ነው የወጡት።

«ጋሼ ጎበና! ደህና ዋሉ?»

ዞር ሲሉ ናኦሚ ናት። ከእሳቸው በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት የአቶ ላጲሶ ልጅ ስትሆን፣ ሕግ ተምራ እዚያው መገናኛ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ልጅ። አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። የእርስዎ ፊት ግን ልክ አይደለም። አሞዎታል እንዴ?»

«ቢያመኝማ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር። የኔን ጉዳይ የሚያክም የለም።»

ታክሲው መጣና ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ጎበና ሆዳቸው ውስጥ ነገር የሚያሳድሩ ሰው ስላልሆኑ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ጀመሩ። ብሎካቸው ሥር ያለውን ሱቅ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሪቱ ዘጠኝ ዓመት ተከራይተው ወተትና እርጎ የሚሸጡበትን፣ ባለንብረቱ ሊሸጠው ነው። ለወይዘሮ ደሪቱ ቅድሚያ ሰጥቶ እስከ ሰኔ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብሏል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት ቤት ሊከፍት ገንዘቡን ይዞ የቆመ ሰው አለ። አቶ ጎበና አንድ ሐሳብ መጣላቸው። የኮንዶሚኒየሙ የቀድሞ ዕዳ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፤ ቤቱ ደግሞ ዛሬ ከተገዛበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ስለዚህ ቤቱን እንደገና አስይዘው አዲስ ብድር ሊወስዱ፣ በሱ የቀድሞውን ሊዘጉ፣ በተረፈው ሱቁን ለሚስታቸው ሊገዙላቸው አሰቡ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው እኮ!» አለች ናኦሚ።

«ሐሳቡማ ጥሩ ነው። የባንኳ ልጅ መዝገቡን አየችና ‘አባቴ፣ በቤቱ መዝገብ ላይ ያላገቡ ይላል። በመታወቂያዎ ላይ ያገቡ ይላል። የትኛው ነዎት?’ አለችኝ።»

«እና ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ቤተሰብ ጠይቄ ልምጣ አልኳት።»

ናኦሚ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ከደነች። አቶ ጎበናም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ በአቶ ጎበና ላይ ቶሎ አይፍረድ። በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት የቤት ምዝገባ ሲካሄድ፣ ከንጋት ጀምሮ በተሰለፈው ሕዝብ መካከል አንድ ወሬ ከፊት ወደ ኋላ ይመላለስ ነበር። ባለትዳር ከሆናችሁ አንድ ዕጣ ነው፤ ባልም ሚስትም ለየብቻ ላጤ ነን ብትሉ ግን ሁለት ዕጣ ይሆናል የሚል ወሬ። ያን ወሬ ያመጣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። አቶ ጎበና ያኔ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ከሦስት ልጅ ጋር ይኖሩ ነበርና፣ ቅጹ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ዘንድ ሲደርሱ ግራ ቀኝ አይተው «ያላገባ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረጉ። በማግስቱ ወይዘሮ ደሪቱንም «ሂጂና ያላገባሁ ነኝ ብለሽ ተመዝገቢ» ብለው ላኳቸው። እሳቸውም ሄደው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

«ያገቡ ከሆነ የጋብቻ ማስረጃና የእማማ ደሪቱን ፈቃድ ይጠይቁዎታል» አለች ናኦሚ። «ያላገቡ ከሆነ ደግሞ የያላገባ ማስረጃ።»

«እንደዚያ ነው ያለችኝ። ቆይ እስቲ፣ ደሪቱ አልፈርምም ብትልስ?»

«ብድሩ አይሰጥም።»

«እኔ ፈርሜም?»

«አሥር ጊዜ ቢፈርሙም።»

«ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ከረባት የለበሰ ሰው፣ የደሪቱን ፊርማ ነው የሚጠብቀው?»

«የእሳቸውን።»

አቶ ጎበና ክላሰሩን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት። ደሪቱ ማለት ለእሳቸው ማለዳ ተነሥታ ወተት የምታፈላ፣ ስትጠራ «አቤት» የምትል፣ አንድ ነገር ሲወሰን በኋላ የሚነገራት ሴት ነበረች። ያን ያህል ትልቅ ሕንፃ በእሷ ጣት ላይ መቆሙ ከአእምሮአቸው በላይ ሆነባቸው።

«ግን ስሚኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ቆይተው፤ ልጄ ሲሏት መሆኑን ናኦሚ ታውቃለች። «ትዳር ወረቀት ነው እንዴ? እኔ ደሪቱን ሳገባ አሥራ ሁለት ሽማግሌ ነው የላክሁት። ሦስት ጊዜ መልሰዋቸው በአራተኛው ነው እሺ የተባልኩት። ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ወዲያ ማኅተም ምን ይጨምርልኛል?»

«ትዳሩማ ወረቀት አይደለም፣ ጋሼ። ቤቱ ግን ወረቀት ነው። ያገር ሰው ያውቃል ያሉት እውነት ነው፤ ያ ያገር ሰው አሁን የት ነው ያለው?»

በመስኮቱ ውጭ ቡልቡላ እየቀረበ ነበር። አቶ ጎበና የተወለዱት እዚሁ ነው። ዕጣው ሲወጣላቸው ከከተማው ሁሉ ተመርጦ ያባታቸው ጤፍ ማሳ የነበረበት ሰፈር ስለደረሳቸው፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ ቆመው እንደ ልጅ አልቅሰዋል። አሁን ያ ማሳ የቱ ጋ እንደነበረ ከብሎኮቹ መካከል ለይተው ማሳየት አይችሉም።

«ከአሥራ ሁለቱ ሽማግሌዎች አሥራ አንዱን ቀብሬአለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አንዱ አሰላ ልጁ ዘንድ ነው። ሰው አይለይም አሉ።»

«አዩ፣ ምስክርዎ ሁሉ አለቀ። ድሮ አገሩ ራሱ መዝገብ ነበር፤ ማን የማን ሚስት እንደሆነች ይናገር ነበር። ዛሬ ጎረቤትዎ እኛ ነን፤ ከሆሳዕና የመጣን። እኛ ሠርግዎን አላየንም። እግዚአብሔር አያድርገውና ነገ እርስዎ ቢያልፉ...»

«በይ፣ በይ! ከታክሲው ሳልወርድ አትቅበሪኝ።»

«አልቀብርዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እማማ ደሪቱ የሚኖሩበት ቤት በመዝገብ ላይ እመቤት የለውም ነው ያልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ኖረው፣ ‘ሚስቱ ነበርኩ’ ብለው ፍርድ ቤት ምስክር ይቆጥራሉ። አይከብድም?»

ይህች ነገር ወጋቻቸው። ሆኖም የሚፈሩት ሌላ ነበርና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «እውነቱን ብናገር ቤቱን አይነጥቁኝም?»

ናኦሚ ወደ እሳቸው ዞረች። «ልዋሽዎት አልፈልግም። መጀመሪያ የሚያጣሩት አንድ ነገር ይመስለኛል። ባልና ሚስት ሁለት ቤት ፈልገው እንደሆነ ያያሉ። እማማ ደሪቱ ተመዝግበው ካልነበረ፣ ጥፋትዎን አምነው፣ አመልክተው ማረም ይቻላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እሳቸውም ላጤ ነኝ ብለው ተመዝግበው ከሆነ ግን ሁለት ሆናችሁ ዋሽታችኋል ማለት ነው። እሱ ያስፈራኛል።»

አቶ ጎበና ደሪቱን ራሳቸው እንደላኳት አልነገሯትም። ወራጅ ብለው ሲወርዱ ለናኦሚ «አስብበታለሁ» ብቻ ነበር ያሏት።

አሰቡበትም፤ ክፉ ሐሳብ አሰቡ። በማግስቱ ገሰሰ የሚባል ደላላ ዘንድ ደወሉ። ገሰሰ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺ ሥራ ናት እንዴ? ሦስት ምስክር ይዤ እመጣለሁ፤ ‘ያላገባ ነው’ ይላሉ፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ ብድሩ ይለቀቃል። ለሚስትዎ ሱቅ ሊገዙ አይደል? ማን ተጎዳ?»

አቶ ጎበና «ማን ተጎዳ?» የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ ደጋገሟት። ሲነጋ ገሰሰን ወረዳው ግቢ አገኙት። ሦስት ሰዎች ይዞ መጥቷል፤ እግረ መንገዳቸውን ቁርስ በልተው ነው የመጡት። አንደኛው፣ ቀጠን ያለ ሰው፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ «እዚያ ብሎኩ ሥር ያለችው ሴትዮ እርጎዋ ለጉድ ነው! ሦስት ብርጭቆ ነው የጠጣሁት። ትርፍ ሳንቲም ሁሉ መለሰችልኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው አለ ዛሬ?» ይላል።

«በል ቃልህን አንዴ አሰማቸው» አለው ገሰሰ።

ሰውዬው መሐረቡን ኪሱ ከተተና ድምፁን አስተካከለ። «አቶ ጎበናን ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ሚስት የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም።»

አቶ ጎበና ይህን በጆሮአቸው ሰሙ። ቅጽ ላይ ምልክት ማድረግና ቃሉን ከሰው አፍ መስማት አንድ አይደለም። ሰውዬው በሆዱ የደሪቱን እርጎ ይዞ፣ ደሪቱ የለችም አለ። ጣፋጩ ገና ከምላሱ አልለቀቀም። ያስተማሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«ተወው» አሉ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሚስት አለኝ። እርጎዋን የጠጣችሁላት ሴትዮ እሷ ናት።»

ገሰሰ ሲጣራ ዞር ብለው አላዩም። ከወረዳው እስከ ሱቁ ያለውን መንገድ በእግራቸው ነው የሄዱት። ቤቱ ቢሄድ ልጆቻቸው የት እንደሚገቡ፣ ለደሪቱ ከየት እንደሚጀምሩ እያሰቡ ሦስት ጊዜ ቆመው እንደገና ተራመዱ።

ወይዘሮ ደሪቱ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ባላቸው በዚያ ሰዓት ሱቅ ሲመጡ አይተው ስለማያውቁ ደነገጡ። «ምነው? ልጄ ቢሊሴ ምን ሆነች?»

«ቢሊሴ ደህና ናት። ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው። እኔ ነኝ።» አቶ ጎበና የወተት ጣሳው አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡና፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ሳጥኑን፣ ባንኩን፣ ናኦሚን፣ ገሰሰን፣ ያን ሦስት ብርጭቆ የጠጣውን ሰው። «አሁን እውነቱን ልናገር ነው» ብለው ጨረሱ። «ግን አንቺንም ልኬሽ ነበር። ስምሽ መዝገብ ላይ ካለ ቤቱ ያልቅልናል። ይቅር በይኝ።»

ወይዘሮ ደሪቱ የያዙትን ብርጭቆ አጥበው ደፉት። ሌላ አነሡ። ከዚያ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «የለም» አሉ።

«ምኑ?»

«ስሜ። የለም። ያን ቀን ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። የምትጽፈው ልጅ ‘ባል አለሽ?’ አለችኝ። አለኝ አልኳት። ‘እሱ ተመዝግቧል?’ አለችኝ። ተመዝግቧል አልኳት። ‘እንግዲያው አንቺ አያስፈልግሽም’ አለችኝ። ወደ ቤቴ መጣሁ።»

«ተመዘገብኩ ብለሽኝ ነበር እኮ!»

«ሄጄ መጣሁ ነው ያልኩህ። ከዚያ አልጠየቅኸኝም።»

«በየዕጣው ጋዜጣ ገዝቼ ስምሽን ስፈልግ የነበረው?»

ወይዘሮ ደሪቱ አሁን ዞሩ። ፊታቸው ላይ ሳቅም እንባም የሚመስል ነገር ነበር። «ጣትህን እያስኬድክ ደሪቱ፣ ደሪቱ እያልክ ስትፈልገኝ አይህ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እንዳትተው ብዬ ዝም አልኩ።»

 አቶ ጎበና ሃያ ዓመት ሙሉ ቤቱን ያቆሙት እሳቸው ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን ቤቱ የቆመው አንዲት ያልተማረች ሴት በረጅም ሰልፍ ጫፍ ላይ፣ ማንም ሳያያት፣ ለአንዲት ጸሐፊ በመለሰቻት አንዲት ቃል ላይ መሆኑን አዩ። ሚስታቸውን አዲስ ሰው እንደሚያይ ሰው አተኩረው አዩዋቸው። ከበርጩማው ተነሥተው ብርጭቆ ማጠብ ጀመሩ። ወይዘሮ ደሪቱም አልከለከሏቸውም።

በሳምንቱ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ቀረቡ። ምስክሮቹ ናኦሚና አባቷ አቶ ላጲሶ ነበሩ፤ ሠርጉን አላዩም፣ ትዳሩን ግን በየቀኑ ያያሉ። መዝጋቢው ወጣት በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ ቀን፣ ቦታ፣ የልጆች ስም እየጠየቀ ሞላ። ከዚያ ብዕሩን ቀና አድርጎ ወደ ወይዘሮ ደሪቱ ዞረ።

«ይህ ጋብቻ በፈቃድዎ ነው?»

አቶ ጎበና ከልማድ የተነሣ «አዎ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። መዝጋቢው እጁን አነሣ። «ይቅርታ፣ አባቴ። እሳቸውን ነው የጠየቅሁት። ሌላ ሰው ሊመልስላቸው አይችልም።»

ወይዘሮ ደሪቱ ዝም አሉ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው መቁነጥነጡን ተወ። አቶ ጎበና የሚስታቸውን አፍ አፍ ማየት ጀመሩ። አሥራ ሁለት ሽማግሌ ልከዋል፤ ሽማግሌዎቹ አባቷን ጠየቁ፣ አባቷ ወንድሞቿን ጠየቀ። እሷ ጓዳ ነበረች። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ይህን አስበውት አያውቁም። አሁን እምቢ ብትል ምን ይላሉ? ምንም የሚሉት የለም። ሕይወታቸውን ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ሰው ፈርተው አያውቁም፤ አክብረውም አያውቁም።

«ያን ጊዜ የጠየቀኝ የለም» አሉ ወይዘሮ ደሪቱ በመጨረሻ፣ ለመዝጋቢው። «አባቴ ተጠየቀ። ወንድሞቼ ተጠየቁ። ዛሬ ከሆነ የምጠየቀው፣ ዛሬ እመልሳለሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በፈቃዴ ነው።»

አቶ ላጲሶ «አሜን!» ብለው ጮኹ፤ ቤተ ክርስቲያን ያሉ መሰላቸው። ቢሮው በሳቅ ተሞላ።

የቀረው ድካም ነበር። አቶ ጎበና ጥፋታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ለቤቶች ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተላኩ፣ ነገ ና ተባሉ፣ መዝገብ ተፈለገ፤ በወይዘሮ ደሪቱ ስም ምንም አልተገኘም። የሰኔ አጋማሽ ላይ ጉዳዩ ታርሞ፣ ቤቱ የሁለቱም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ወጣ። ያን ቀን አቶ ጎበና ደብዳቤውን ክላሰር ውስጥ አልከተቱትም፤ ለሚስታቸው አስያዙ።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ገርጂ ባንኩ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሙራድ ነኝ ያለ ጎልማሳ፣ እሱም በኮንዶሚኒየሙ ሊበደር የመጣ፣ ወደ አቶ ጎበና ጆሮ ጠጋ አለ። «አባባ፣ የያላገባ ወረቀት ቶሎ የሚያስጨርስ ሰው ያውቃሉ? ከሚስቴ ጋር አልተመዘገብንም፤ ጣጣው በዛብኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ጎበና። «ስልኩን ግን አልሰጥህም። አትቀየመኝ፣ ልጄ፤ እኔም አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱ በአንድ ቀን ይወጣልሃል። ከዚያ ወዲያ ግን ቤትህ በውሸት ላይ ይቆማል። አንድ ቀን የተገለጠ እንደሆነ ብድሩም ይፈርሳል፣ አንተም ትጠየቃለህ። ብትሞት ሚስትህ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ተመዝገቡ። ከዚያ አንተ ሳታውቅ እሷ፣ እሷ ሳታውቅ አንተ፣ ቤቱን መሸጥም ማስያዝም አትችሉም። ልጆቻችሁ ከማን ጋር እንደሚካሰሱ ሳይጨነቁ ያድጋሉ። ባንኩም ከአንድ ሰው ይልቅ ሁለት ሰው ሲፈርምለት ደስ ይለዋል።» ትንሽ ቆዩና ጨመሩ። «ደግሞ ሚስትህን ትጠይቃታለህ። አትተወው እሱን። ምን እንደምትመልስልህ አታውቅም።»

«ሦስት ወር ሳይሞላው ሰባኪ ሆነ!» አሉ ወይዘሮ ደሪቱ። ሙራድ ሳቀ፤ ግን ስልኩን አውጥቶ ወደ ቤቱ ሲደውል አዩት።

ተራቸው ደረሰ። ያችው ጨዋ የብድር ሠራተኛ አወቀቻቸው። ደብዳቤውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የወይዘሮ ደሪቱን መታወቂያ አገላብጣ አየችና አዲስ ቅጽ ዘረጋችላቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። ከዚያ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ቦታ መጣ፤ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፣ ልክ እንደ ዘጠና ሰባቱ።

«እንግዲህ፣ አባቴ፣ የትኛው ነዎት?» አለች ፈገግ ብላ። «ሚስት አለዎት?»

አቶ ጎበና ብዕሩን ያዙ። አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ደሪቱ ይህን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት መልሰውታል።

«አለኝ» አሉ አቶ ጎበና። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ስለነበር በመጠበቂያው ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ምልክታቸውንም አደረጉ፤ ብዕሩን አጥብቀው ስለሳቡት ከሳጥኑ አልፎ ሄደ። ልጅቷ ሌላ ቅጽ ልስጥዎ ብትላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ ብዕሩን ለሚስታቸው አቀበሉና፣ ያ ሁሉ ፎቅ የሚጠብቀው ፊርማ እስኪያልቅ ድረስ ተነሥተው ቆሙ።